ሦስት ጊዜ የተሸጠው የጌም ሣጥን

ሰው ስለ ሀብቱ ሲጠየቅ ቤት፣ በሬ፣ መሬት ብሎ ይቆጥራል። እኔን በሃያ ስድስት ዓመቴ የጠየቀኝ ቢኖር «ላስቲኩ ያልተቀደደ አንድ ሣጥን አለኝ» እለው ነበር። ኮርቼ ነው የምለው ደግሞ። ያን ሣጥን እናቴ በታኅሣሥ ገብርኤል ቀን ተሸክማ ወስዳ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠችብኝ። የዚያን ለት ከጠዋት እስከ ማታ የደረሰብኝን እነሆ ላውጋችሁ። ብዙ ጊዜ ስላወራሁት እዚህም እዚያም ትንሽ ቅመም ገብቶበት ይሆናል፤ ዋናው ነገር ግን እንደሆነው ነው።

ጊዜው ከሚሌኒየሙ ሦስት አራት ዓመት በኋላ ነው። በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ነበረኝ። ጌም ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት የጭቃ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማጫወቻ፣ አራት ጆይስቲክ፤ ከአራቱ አንዱ በፕላስተር ታስሮ ነው የሚሠራው። መብራት ሲኖር ተማሪው፣ የወረዳው ጸሐፊ፣ የአውቶቡሱ ረዳት ተጋፍተው ኳስ ይጫወታሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተጋፍተው ይከራከራሉ። ከደንበኞቼ ሁሉ ቀንደኛው መምህር ዳኛቸው ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ሲሆን፣ በተሸነፈ ቁጥር «ጆይስቲኩ ነው!» ብሎ የሚከስ ሰው ነው።

ሣጥኑን የላከችልኝ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ የነበረችው ታላቅ እህቴ የሺ ናት። ወደ አገሯ በምትመለስ ጓደኛዋ እጅ ነበር የላከችው። ወርቅማ ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ላይ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋ ኳስ ተጫዋች አለበት፤ ዙሪያውን በስስ ላስቲክ ተጠቅልሏል። ከጎኑ እንደ መኪና ታርጋ ቁጥር ተጽፎበታል። «የአሠሪዎቼ ልጅ ሁለት ነበረው፣ አንዱን ሰጠኝ» ይላል ደብዳቤዋ። ክዳኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ መምህር ዳኛቸው አነበበልኝ። «ለሰብሳቢዎች የተዘጋጀ ልዩ እትም ይላል። በል ክፈተውና እንጫወት!»

እኔ ግን አልከፈትኩም። በማግስቱ በከተማችን ወደነበረችው አንዲት ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ገጹ እስኪከፈት ድረስ ጎረቤት ካለው የሰብለ ሻይ ቤት አንድ ሻይ ጠጥቼ መመለስ ይቻል ነበር፤ ሰብለንም የወደድኳት በዚያው ሰበብ ነው። እና ያን ቀን ከሁለት ሻይ በኋላ ምን ባነብ ጥሩ ነው? አንድ ሰው ሳይከፍት ያስቀመጠው የድሮ ጌም የቤት መግዣ ዋጋ አውጥቶ መሸጡን። ቤቴ ሄጄ ሣጥኑን በጋቢ ጠቀለልኩና እናቴ ልብሷን ከምታስቀምጥበት የእንጨት ሣጥን ሥር ቀበርኩት።

ከዚያ ወዲያ ነገር ዓለሜ ሁሉ፣ ዋጋው እንደ እህል የሚበስል ይመስል፣ «ሣጥኑ ሲደርስ» ሆነ። የጌም ቤቱ ግድግዳ የሚለሰነው ሣጥኑ ሲደርስ። አዲስ ማጫወቻ የሚገዛው ሣጥኑ ሲደርስ። ወደ ሰብለ ቤተሰቦች ሽማግሌ የሚላከውም ሣጥኑ ሲደርስ። እሷ ሣጥን የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም፤ ሻዩን ብቻ ትቀዳልኛለች።

መምህር ዳኛቸው በዚህ ነገር አንድ ቀንም አላረፈልኝም። አንድ እሑድ ቤት መጥቶ እናቴ ያቀረበችለትን ቆሎ እየቆረጠመ እንዲህ አለኝ፦

«አንተነህ፣ ቁጥሩን አይተኸዋል? አምስት አሃዝ ነው እኮ! ካንተ በፊት ስንት ሺህ ሰው እንደያዘው ቁጥሩ ራሱ ይነግርሃል።»

«ቢሆንም ያልተከፈተ ነው» አልኩት።

«እነሱም አልከፈቱትም! ሞኝ አትሁን። ያ ያነበብከው የድሮ ጌም ውድ የሆነው ሰው ሁሉ ተጫውቶ፣ ሰብሮ፣ ጥሎ ስለጨረሰው ነው። ይህን ግን ፋብሪካው ገና ሲሠራው ‹አስቀምጡት› ብሎ ጻፈበት። ሁሉም ሰው ካስቀመጠው ማን ከማን ይገዛል?»

የተረታ ሰው እንደሚያደርገው ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ታያለህ! አንድ ቀን ትቆጫለህ!»

እናቴ ዳር ላይ ተቀምጣ ጥጥ እየፈለቀቀች ታዳምጠን ኖሯል። መምህሩ ከሄደ በኋላ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ ይኸ ዕቃ የምር ውድ ነው?»

«ውድ ነው እማዬ።»

«ከበሬ ይበልጣል?»

«ይበልጣል።»

«ከቤታችንስ?»

ትንሽ አመነታሁ። ግን የጀመሩትን መጨረስ ነው ብዬ «ከቤታችንም ይበልጣል» አልኳት።

«እንግዲያው ይበልጣል» አለችና ወደ ጥጧ ተመለሰች። ከከተማው ሕዝብ ሁሉ ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት። ለምን እንደጠየቀችኝ ግን አላሰብኩበትም።

ያን ጊዜ የየሺ ድምፅ ከጠፋ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ። እናቴ መናኸሪያው ሄዳ ከደብረ ታቦር የሚመጣውን አውቶቡስ ሁሉ ቆማ ታይ ነበር። እኔም ጌም ቤቴ በር ላይ ሆኜ እሷን አያለሁ። በጥቅምት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ግን የሺ አንዲት ሻንጣ ይዛ ከአውቶቡሱ ወረደች። አሠሪዎቿ አገር ሲቀይሩ ስልኳ እንደጠፋባት፣ ቁጥራችንም አብሮ እንደሄደ ነገረችን። እናቴ መሬት ላይ ተደፍታ አፈሩን ሳመች። እኔም አለቀስኩ፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው ብዬ አልተውኩም።

አሁን ወደ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ልምጣ። እናቴና የሺ ቅዳሴ ሊያስቀድሱ ማለዳ ወጡ። እኔ እንደ ልማዴ አርፍጄ ተነሣሁ። ነጠላዬን ላወጣ የእንጨት ሣጥኑን ስከፍት ጋቢው በሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ውስጡ ምንም የለም። ልብሱን ሁሉ ዘረገፍኩ። የለም። አልጋ ሥር ገባሁ። የለም። መጀመሪያ ሌባ ነው ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን ጋቢ አጣጥፎ የሚሄድ ሌባ የት አገር አለ አልኩና በሩጫ ወጣሁ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ አለሚቱ ደጃፏን ትጠርጋለች። «እማዬን አይተሻል?» አልኳት፤ እንደምን አደርሽ እንኳ ሳልል።

«እንዴት አላያት! በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ አናቷ ላይ አድርጋ፣ እልል እያለች ወደ ገብርኤል ሄደች እኮ። ስለት ልታስገባ ነው አለችኝ። ምንኛ የታደልህ ልጅ ነህ!»

ሮጥኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእግር ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ነው። የዚያን ለት መንገዱ በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። ገበሬው አውድማውን ትቶ፣ ነጭ ለብሶ፣ ጃንጥላ ይዞ ይጎርፋል። እኔ አንድ እግር ጫማ ክሩ ሳይታሰር፣ ነጠላዬ ከኋላዬ እየተጎተተ በመሐል ስሽሎከሎክ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ የማን ስለት ነው እንዲህ የሚያስሮጥ?» አሉኝ። «የእናቴ!» ብዬ አለፍኩ። «እሰየው!» አሉ ከኋላዬ።

ቅጥሩ በር ላይ የሺን አገኘኋት። ገና ስታየኝ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እየሳቀች መሆኑ ያስታውቃል።

«ሣጥኔስ?»

«ገብቷል። ዕቃ ቤት ጠባቂው ተቀብለዋታል።»

«ማን ፈቀደላት?»

«ስለት ነው አንተነህ። ድምፄ የጠፋ ጊዜ ‹የሺን በደህና ብትመልስልኝ ከቤቴ ውስጥ ካለው ሁሉ ውዱን እሰጥሃለሁ› ብላ ተስላለች።»

«ታዲያ እኔን አትጠይቀኝም?»

«ጠይቃሃለች እኮ! ‹ከበሬ ይበልጣል ወይ? ከቤታችን ይበልጣል ወይ?› ብላ። አንተ ነህ ይበልጣል ያልከው።»

የሺ ሳቋን አቁማ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ። ያ ሣጥን እዚያ አገር ሱቅ ሙሉ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንደ ሳሙና ካርቶን እስከ ኮርኒሱ ተቆልሏል። ልጁም ሁለት የያዘው አንድ ለገዛ ሁለተኛውን በግማሽ ዋጋ ስለሚሰጡ ነው። ደስ ካለህ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ…»

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ እንኳ ልቤ አልተቀበለውም። «እነዚያኞቹ ይከፈታሉ፣ የኔ አይከፈትም» አልኩ በሆዴ። አንድ መላ ብቻ ቀርቶኛል። የስለት ዕቃ ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ ለጨረታ ይቀርባል። ኪሴ ውስጥ ሦስት መቶ ብር አለ። ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ እኔ በርካሽ እወስደዋለሁ፤ የእናቴም ስለት ደረሰ፣ እኔም ሣጥኔን አገኘሁ። ይህን ሳስብ ትንሽ ተነፈስኩ።

ጨረታውን የሚመሩት የኔታ ፍሬ ስብሐት ነበሩ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲናገሩ ሕዝቡ ቢፈልግም ባይፈልግም ይስቃል። መጀመሪያ ጃንጥላ ተሸጠ። ቀጥሎ ምንጣፍ። ከዚያ ዕቃ ቤት ጠባቂው ሣጥኔን ከነላስቲኩ ከፍ አድርገው አሳዩ። የታኅሣሥ ፀሐይ ሲያርፍበት ቆርቆሮው አብለጨለጨ። ፊት የነበሩ አንዲት አሮጊት እጅ ወደ ሰማይ የዘረጋውን ሰው ሲያዩ ተንደርድረው ሊሳለሙት ጎንበስ አሉ።

የኔታ መቋሚያቸውን መሐል አስገቡ። «ቆዩ እማማ፣ ይኼ አይሳለሙትም። ቁምጣ ለብሷል።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የኔታ ዞር ዞር ብለው አዩና «ማነው የሰጠ? ምንድንስ ነው?» ብለው ጠየቁ።

እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። «እኔ ነኝ የኔታ። ስሙን አላውቀውም። ከቤቴ ሁሉ ውዱ እሱ ነው፤ ልጄ ያውቀዋል።»

«ካርቶን ነው እኮ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላውም «ባዶ ይሆናል» ሲል ሰማሁ። ሳቁ ቀጠለ፤ አሁን ግን የሚሳቅባት እናቴ ነበረች። የነጠላዋን ጥለት ስትጨብጥ አየኋት። ስምንት ወር መናኸሪያ ቆማ ስትጠብቅም እንዲሁ ነበር የምትጨብጠው።

«ልጇ የታለ? ይምጣና ይንገረን» አሉ የኔታ።

በሰዉ መሐል ተጋፍቼ ወደፊት ወጣሁ። እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑና ፍረዱ። «ተራ የኳስ ጌም ነው» ብል ማንም አይጫረትም፤ ሣጥኔን በሦስት መቶ ብር ይዤ እገባለሁ። እናቴ ግን በአገር ፊት ለገብርኤል ተራ ነገር የሰጠች ሴት ሆና ትቀራለች። «በዓለም የሌለ ብርቅ ነው፣ የቤት ዋጋ ያወጣል» ብልስ? ስለቷ ይከበራል፣ እኔ ሣጥኔን አጣለሁ፤ ከዚያም በላይ በቅጥሩ ውስጥ ቆሜ መዋሸቴ ነው። የሺ ያየችውን ነግራኛለች። ሣጥኑን አየሁ፤ እናቴን አየሁ። አፌን ስከፍት ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

«የኔታ፣ ይህ በቴሌቪዥን የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ ነው» አልኩ። «ውስጡ ባዶ አይደለም። ግን እውነቱን ልናገር፤ ብርቅ አይደለም። እኔ ብርቅ ነው ብዬ እናቴን አሳምኛት ነበር። ለካ በውጭ አገር ሱቅ ሙሉ አለ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይኼኛው ግን» አልኩ ሣጥኑን እያሳየሁ፣ «ይኼኛው እህቴ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ሆና እኔን አስባ የላከችው ነው። ስትጠፋብን እናቴ ከቤቷ ያለውን ሁሉ መዝና ከሁሉ ይበልጣል ያለችው ነው። እህቴም ይችውና፣ መጥታለች! እንዲህ ያለ ሌላ ሣጥን በዓለም ካለ እናንተ ንገሩኝ!»

ከሴቶቹ በኩል አንዲት እልልታ ወጣች፤ ተቀበሏት፤ ቅጥሩ ሁሉ እልል አለ። የሺ ፊቷን ሸፈነች። የኔታ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ።

«በሉ እንግዲህ ሰምታችኋል! ማነው የሚጀምር?»

«ሁለት መቶ!» አሉ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሙሉጌታ።

«ሦስት መቶ!» አለ የደብረ ታቦር መስመር ሹፌሩ ሻረው። የኔ ብር በዚያው አለቀች። አራት መቶ፣ አራት መቶ ሃምሳ እያለ ወጣና አቶ ሙሉጌታ በአምስት መቶ አሸነፉ። ሣጥኔ ሄደ አልኩ። እሳቸው ግን ሣጥኑን ተቀብለው፣ በግንባራቸው ነክተው፣ «እኔ ቤት ምን ይሠራል? ለበረከት ነው፤ መልሻለሁ!» አሉ።

የዚህ አገር ሰው የጨረታ ወግ ይህ ነው። ስለት የገዛ ሰው ብሩን ከፍሎ ዕቃውን መልሶ ይሰጣል፤ እንደገና ይጫረታል። ሁለተኛውን ዙር ሻረው በስምንት መቶ ብር ገዛ። ሣጥኑን ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው። «የሆነ ነገር ይንኳኳል» አለና፣ «እኔም መልሻለሁ! የሺን ከደብረ ታቦር ጭኜ ያመጣሁ እኔ ነኝ፤ ድርሻ አለኝ!» ብሎ ጮኸ። እንደገና እልልታ። የጨረታው ገንዘብ ለዕቃ ቤቱ ጣራ ነው፤ የጣራው ቆርቆሮ ከዚያች ከኔ ቆርቆሮ ሊወጣ ነው።

በሦስተኛው ዙር ግን ጸጥ አለ። ማንም ዋጋ አልጠራም። የኔታ ወደ እኔ ተመለከቱ። «የባለስለቷ ልጅ ዝም አለ። ኪሱ ምን ይላል?»

ያኔ ነው የገባኝ። ሰው ሁሉ አውቆ ነው ዝም ያለው፤ ለእኔ ትቶልኝ ነው። ሣጥኔ በሦስት መቶ ብር ሊመለስልኝ ነው! ላስቲኩ ሳይቀደድ! እጄን ላነሣ ስል እናቴን አየኋት። በዓይኗ «ውሰደው ልጄ» ትለኛለች፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቅሬታ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም። ያ ነው የገደለኝ። እሷ ውድ ነው ብላ የሰጠችውን እኔ ወስጄ በጋቢ ጠቅልዬ ልቅበረው ነው? እስከ መቼ?

ሦስት መቶዋን ብር አወጣሁ። «ይህችን ለበረከት እሰጣለሁ፤ ዕቃውን ግን አልወስድም። የስለት ነው» አልኩ። ልናገረው ስል ከባድ መስሎኝ ነበር፤ ሲወጣ ግን ቀለለኝ፣ እንዲያውም ሳቄ መጣ።

«አንድ ሺህ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። መምህር ዳኛቸው ነው። ዙሪያውን ጸሐፊው፣ ረዳቱ፣ ሌሎቹም የጌም ቤቴ ደንበኞች ቆመዋል፤ ከየኪሳቸው አዋጥተው መሆኑ ነው።

«አንድ ሺህ አንደኛ! አንድ ሺህ ሁለተኛ!» የኔታ ትንሽ ቆም አሉ። «ሦስተኛ! መምህር፣ ትመልሱታላችሁ?»

«አንመልስም የኔታ! ሁለት ዓመት ክፈተው ብለን ለምነነዋል። እንከፍተዋለን!»

ሕዝቡ ሳቀ። እናቴ ከሁሉ በላይ ሳቀች።

ከቅጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር ተሰበሰብን። የኔታም «ይህ ባለቁምጣ ምን ይዞ እንደመጣ ልይ» ብለው ተከተሉን። ጾም ነውና ሴቶቹ ዳቦና ጠላ፣ የሱፍ ፍትፍትም አቀረቡ። መምህር ዳኛቸው ሣጥኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠው። «እኛ ገዛነው፤ የምትቀደው ግን አንተ ነህ» አለኝ።

ላስቲኩን በጥፍሬ ያዝኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ጊዜ አቧራውን በእስትንፋሴ ብቻ እያራገፍኩ፣ ጭረት እንዳይነካው ተጨንቄያለሁ! ቀደድኩት። ጨርቅ ሲቀደድ እንኳ የበለጠ ይጮኻል። በአንዴ አለቀ፤ ሁሉም አጨበጨበ።

ውስጡ የአንገት ልብስ፣ ፎቶ ያለበት መጽሐፍ፣ ሲዲው፣ ከሥር ደግሞ በስፖንጅ የተያዘች የክንድ ግማሽ የምታህል የብረት ዋንጫ ወጣ። መምህሩ ሲዲውን አገላብጦ አየና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሳቁ አላናግር አለው። «አንተነህ… ይህ እኮ… ለአዲሱ ማጫወቻ ነው! ባንተ ማጫወቻ አይሠራም! ዛሬ ብንከፍተው፣ ያን ለት ብንከፍተው፣ መቼም አይሠራም ነበር!»

ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ነገር በቤቴ ውስጥ ባለ ዕቃ የማይሠራ ነው። መናደድ ነበረብኝ። ግን የሺ ስትስቅ አየኋት፤ ከመጣች ወዲህ እንደዚያ በሙሉ አፏ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። እኔም ለቀቅሁት። እስከ ማታ ሆዴ እስኪያመኝ ሳቅሁ። የአንገት ልብሱን የኔታ ላይ አደረግንላቸው፤ «ለማሕሌት ብርድ ይሆነኛል» ብለው ይዘውት ሄዱ።

ዋንጫዋን ግን ምን እናድርጋት? መላ ያመጣው መምህር ዳኛቸው ነው፤ «ለውድድር ትሁን። ያሸነፈ ስሙን በሚስማር ይጻፍባት፣ ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ያስቀምጣት» አለ። በዚያው ጥር ጌም ቤቴ ውስጥ የመጀመሪያውን ውድድር አደረግን፤ በዚያችው በአሮጌዋ ማጫወቻ። እሱ ፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። ምክንያቱ ጆይስቲኩ ነው።

በዚያው ወር ጌም ቤቱን ለሰንኩ። ሽማግሌም ላክሁ፤ የኔታና መምህር ዳኛቸው ናቸው የሄዱልኝ። ሰብለ በኋላ የነገረችኝን ልንገራችሁ፤ «ምን ትጠብቅ ነበር ይህን ያህል ጊዜ? ቤትህ ስኳር አልቆብህ የምትመላለስ መስሎኝ ነበር» ነው ያለችኝ። ዛሬ ሁለት ልጆች አሉን።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከመካከላችሁ «ይህ አንድ ቀን ዋጋ ያወጣል» ብሎ ያልተከፈተ ነገር ያስቀመጠ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። በቅርቡ በስልኬ ያንኑ ሣጥን ፈለግሁት፤ አሁን ገጹ ሻይ ሳልጠጣ ይከፈታል። ላስቲኩ ያልተቀደደ ሞልቷል። ገዥ ያጣ ይመስላል፤ የአንዱ ዋጋ እስከዚህ ማድረሻውን እንኳ አይሸፍንም። መምህር ዳኛቸው ትክክል ነበር። ለመሰብሰብ ተብሎ በጅምላ የተሠራን ነገር ጅምላው ሁሉ ስለሰበሰበው ብርቅ አይሆንም። ነገሩን ብርቅ የሚያደርገው በማን እጅ እንዳለፈና ምን እንደደረሰበት ነው፤ ይህን ደግሞ ፋብሪካ ሊያትመው አይችልም። እናንተም ያስቀመጣችሁት ነገር ካለ አውጡትና ተጠቀሙበት፤ ባይሠራ እንኳ የሚያስቅ ነገር አይጠፋውም።

ዋንጫዋ ዛሬ ተቧጭራለች፣ ጎኗም ተጨርምዷል። ከጎረቤት ከተሞች፣ ከወገዳና ከአርብ ገበያ ሳይቀር መጥተው የሚወዳደሩባት ሆናለች። የአሸናፊዎቹ ስም በሚስማር ተጽፎ ተጽፎ ቦታ ሊጠፋ ነው። አንድ ከከተማ የመጣ ሰው «ስንት ልስጥህ?» ብሎኝ ነበር፤ እኔን ብቻ ሳይሆን ወረዳውን ሁሉ መጠየቅ እንዳለበት ነገርኩት።

በየዓመቱ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ዋንጫዋ አንድ ቀን እናቴ ዘንድ ትውላለች። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ስሞቹን በጣቷ እየዳሰሰች ታነባለች፣ ወይም ያነበበች ትመስላለች። ከዚያ ያው የድሮ ጥያቄዋን ትጀምራለች።

«አሁንስ ስንት ደረሰ ልጄ? ከበሬ ይበልጣል?»

«ይበልጣል እማዬ።»

«ከቤታችንስ?»

«ከቤታችንም ይበልጣል።»

«እኔማ ያኔውኑ አምኜሃለሁ» ትላለች እየሳቀች። «ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው የዚያን ለት አንድ እግር ጫማህን ሳታስር ተከትለኸኝ የሮጥከው?»